እናንተስ መቼ ነው ነፃ የወጣችሁት?

የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሆቴል ኩሽና ነው። በየዓመቱ ሜይ 5 ሲደርስ አለቃችን ሶምብሬሮ የሚባለውን ሰፊ የሜክሲኮ ኮፍያ ከወረቀት የተሠራውን ገዝቶ ይመጣል። ባሩ ማርጋሪታ በቅናሽ ይሸጣል። እኛ ደግሞ ከጧት ጀምሮ አቮካዶ ስናደቅ እንውላለን። ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ቀን አንዷ አስተናጋጅ ኮፍያዋን እንዳጠለቀች ወደ ኩሽና ገባች። ከጎኔ ለሚሠራው ሜክሲኳዊ «እንኳን ለነፃነት ቀናችሁ አደረሳችሁ!» አለችው።

ሰውየው ሽንኩርት እየከተፈ ነበር። ቀና እንኳ አላለም። «የነፃነት ቀናችን ሴፕቴምበር 16 ነው» አላት።

«ታዲያ ዛሬ ምንድን ነው?»

«ዛሬ አንድ ውጊያ ያሸነፍንበት ቀን ነው። ያሸነፍነውም እኔ ያደግሁበት ከተማ፣ ፑዌብላ ነው። ሌላው አገሬ ይህን ያህል አያከብረውም።»

ልጅቱ ስቃ ወጣች። ሰውየው ቢላዋውን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ። «እናንተስ መቼ ነው ነፃ የወጣችሁት?» አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልሱ ሁሌም አፌ ላይ ነው። ታክሲ ውስጥም፣ ፀጉር ቤትም፣ የልጄ ትምህርት ቤት ወላጆች ሲሰበሰቡም ተጠይቄ መልሼዋለሁ። ደረቴን ነፋ አደረግሁና «እኛ በማንም ተገዝተን አናውቅም» አልኩት።

«ስለዚህ እንዲህ ያለ በዓል የላችሁም?»

«አለን እንጂ! ሁለት አለን። ዓድዋ አለ። ከዚያ ደግሞ ሚያዝያ 27...» ብዬ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ልለውጥለት ጣቴን መቁጠር ጀመርኩ። ቆጥሬ ስጨርስ አፈርኩ። ሜይ 5 ነው። ዛሬ።

«ዛሬ ነው» አልኩት። የቀለድኩ መሰለው። ስልኬን አውጥቼ አሳየሁት። አየና ትንሽ አሰበ። «ካልተገዛችሁ፣ ዛሬ ከማን ነው ነፃ የወጣችሁት?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ሦስት ዓመት ይዤው ዞርኩ።

መጀመሪያ የሱን ታሪክ ልንገራችሁ፤ እኔም ከዚያ ቀን በኋላ ነው በቅጡ ያነበብኩት። የሜክሲኮው ፕሬዚዳንት ቤኒቶ ኽዋሬዝ በ1861 (እ.ኤ.አ.) «ካዝናው ባዶ ነው፣ የውጭ ዕዳ ለጊዜው አልከፍልም» አለ። እንግሊዝ፣ ስፔንና ፈረንሳይ ገንዘባችንን ብለው መርከብ ላኩ። ሁለቱ ተደራድረው ተመለሱ። ፈረንሳይ ግን የመጣችው ለዕዳው ብቻ አልነበረምና ወደ ዋና ከተማው ገሰገሰች። በ1862 ሜይ 5 ፑዌብላ ላይ የ33 ዓመቱ ጄኔራል ኢግናሲዮ ሳራጎሳ ከፊቷ ቆመ። ከሠራዊቱ መካከል በቂ መሣሪያ ያልነበረው፣ ከየተራራው የተጠራ ገበሬ ነበረበት። በጊዜው ከዓለም አንደኛ ይባል የነበረውን ጦር መልሶ አባረረው።

እስቲ ይህን ሰምቶ ዓድዋ ትዝ የማይለው አበሻ ማን ነው? ዕዳ ይሁን ውል፣ ሰበብ ይፈለጋል። አውሮፓዊው ጦር ሰውን ንቆ ይመጣል። ከዚያ ተራራው ላይ የማይጠብቀው ነገር ይገጥመዋል።

መመሳሰሉ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ፈረንሳይ በዓመቱ ብዙ ጦር ይዛ ተመለሰች። ፑዌብላን ከባ ያዘች፣ ዋና ከተማውንም ገባችበት። ማክሲሚሊያን የሚባል የኦስትሪያ ልዑል አምጥታ ንጉሠ ነገሥት ብላ ሾመችላቸው። ሜክሲኮዎች ሰውየውን በ1867 በጥይት ደብድበው እስኪገድሉት ድረስ አምስት ዓመት ያህል ተዋግተዋል። እኛ ላይ ጣሊያን ለመመለስ 40 ዓመት ፈጀባት። የቆየችው ግን አምስት ዓመት ነው። ይህን ለባልደረባዬ ስነግረው «ቢያንስ እናንተ ረዥም እረፍት አግኝታችኋል» አለኝ።

(ነገሩ ደስ ብሎኝ ሁለቱ በዓላት ያው አንድ ቀን ናቸው ብዬ ለሁሉም ሳወራ ነበር። አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ ስቆጥረው ግን የፑዌብላው ውጊያ ዕለት በእኛ ሚያዝያ 28 ቀን 1854 ዓ.ም. ሆኖ አገኘሁት። ፈረንጆች በ1900 ዓመታቸው ፌብሩዋሪ 29ን ዘለሉ፤ እኛ ስድስተኛዋን ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ መጨመራችንን ቀጠልን። በዚህ የተነሳ የአንድ ቀን ልዩነት ገባ። የዓድዋ ጦርነትም በፈረንጅ መጽሐፍ ማርች 1 የሚባለው፣ እኛ ግን ዛሬ የካቲት 23ን ብለን ማርች 2 ላይ የምናከብረው ለዚሁ ነው። በየዓመቱ ፌስቡክ ላይ «ቀኑን እንኳ በትክክል አያውቁትም» ተባብለን የምንጨቃጨቀው በባዶ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው።)

ወደ እኛ ልመለስ። «ዓድዋ ነፃነታችንን ያገኘንበት ቀን» የሚል ጽሑፍ በየካቲት ወር ስንቴ አንብባችኋል? እኔ በብዙ አንብቤአለሁ፣ ለጥፌም አውቃለሁ። ግን ቆም ብለን እናስበው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ ነፃነት አልተገኘም። የነበረው ነፃነት ሳይወሰድ ቀረ። የተገኘው ድል ነው። በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ጣሊያንኛው አንድ ነገር፣ አማርኛው ሌላ ነገር ይል ነበር። ዓድዋ የአማርኛውን እውነት አደረገው። ጣሊያን በጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ የተፈራረመችው ውል ውጫሌን ሰርዞ የኢትዮጵያን ነፃነት ተቀበለ። ተቀበለ እንጂ አልሰጠም። ይህ የቃል ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖራል። የጋና ልጆች ማርች 6ን፣ የናይጄሪያ ልጆች ኦክቶበር 1ን ሲያከብሩ ባንዲራ ወርዶ ባንዲራ የተሰቀለበትን ሰዓት እያሰቡ ነው። ዓድዋ ላይ የወረደ ባንዲራ የለም።

እውነቱን ከተነጋገርን ሌላም የምንዘለው ነገር አለ። ያው የአዲስ አበባ ውል ኤርትራን ለጣሊያን ትቶ ነው የተፈረመው። መረብ ማዶ ላለው ገበሬ ዓድዋ የነፃነት ቀን አልሆነለትም። ከጣሊያን ጎን ተሰልፈው ከተማረኩት፣ አስካሪ ከሚባሉት የኤርትራ ተወላጅ ወታደሮች የብዙዎቹ ቀኝ እጅና ግራ እግር ተቆርጧል። ዓድዋን እወደዋለሁ። በየካቲት 23 እዚህ ነጭ ለብሰው ከሚወጡት አንዱ እኔ ነኝ። ግን አንድ ኤርትራዊ ጓደኛዬ በዚያ ቀን ዝም ሲል «ምን ሆንክ?» ብዬ መጠየቅ ያቆምኩት ይህን ካነበብኩ ወዲህ ነው።

አሁን ወደ ሰውየው ጥያቄ። ከማን ነው ነፃ የወጣነው?

«አልተገዛንም» የሚለው ሰው ሚያዝያ 27 ላይ ሲደርስ ምላሱ ይተሳሰራል። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባችው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ልክ አምስት ዓመት፣ ቀን ሳይዛነፍ። መካከሉን ወረራ እንለዋለን፤ ቅኝ ግዛት የሚለው ቃል ያንገሸግሸናል። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። በብዙ ገጠር ጣሊያን ከተማና ምሽግ እንጂ አገር አልያዘም። እንደ ሜክሲኮ ሁሉ ጥቂት መንግሥታት ወረራውን ፈጽሞ አልተቀበሉትም። ግን የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ላይ የነበረ ሰው በዶማና በአካፋ ሲጨፈጨፍ የነገሩ ሕጋዊ ስም ብዙም አያሳስበው። እኔ በበኩሌ «ተገዝተን አናውቅም» ማለቱን ትቼ «አምስት ዓመት ተይዘን አርፈን አልተቀመጥንም» ማለት ጀምሬአለሁ። ሲናገሩት ትንሽ ይረዝማል። ታክሲ ውስጥ አይመችም።

የቀኑ ነገር ደግሞ ለብቻው ታሪክ ነው። ልጅ ሆኜ ቤታችን ውስጥ ጣሊያን የወጣበት ቀን ሦስት ነበር።

የአባቴ እናት የቡሬ ሰው ናት፤ ጎጃም። እምዬ ነበር የምንላት። እሷ ቀን በቁጥር አትናገርም። «ጥልያን የወጣው ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው» ትላለች። በሌሊት ጓዙን ጭኖ ወደ ደምበጫ ሲሸሽ የበቅሎውን ኮቴ ሰምታለች። ሲነጋ ልጆች ሆነው ምሽጉ ድረስ ሮጠው ሄዱ። ትተውት ከሄዱት ዕቃ አንድ የጣሳ ክዳን አነሳች። ያ ክዳን እኔ እስካድግ ድረስ የበርበሬ መስፈሪያችን ነበር።

አባቴ ደርግ ነው ያስተማረው። ለሱ የድል ቀን መጋቢት 28 ነው። ትምህርት ቤት ተሰልፎ የዘመረው፣ መፈክር ያሰማው በዚያ ቀን ነው።

እኔ ያደግሁት ኢሕአዴግ ቀኑን ከመለሰው በኋላ ነው። ለኔ ሚያዝያ 27 ነው፤ አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር አርበኞች ሜዳልያቸውን ደርድረው፣ ጎፈር አድርገው፣ ሲፎክሩ።

በልጅነቴ ከሦስቱ ሁለቱ የተሳሳቱ ይመስለኝ ነበር። እምዬ ስላልተማረች፣ አባዬ ደግሞ ደርግ ስላሳሳተው። ሳድግ ነው ሦስቱም እውነት መሆናቸውን ያየሁት። የቡሬው ምሽግ የተለቀቀው የካቲት መጨረሻ ገደማ፣ 1933፣ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ፣ ወደኋላ ብትቆጥሩት ይገጥማል። እምዬ ያለ ካላንደር ልክ ነበረች። የእንግሊዝ አዛዦች የሚመሩት የደቡብና የምሥራቅ አፍሪካ ጦር አዲስ አበባ የገባው ደግሞ መጋቢት 28 ነው። አባዬም ልክ ነው። ከተማዋ ከጣሊያን እጅ የወጣችው ያን ቀን ነው።

ታዲያ ንጉሡ ለምን አንድ ወር ዘገዩ? እንግሊዞች ንጉሡ ከአርበኞች ጋር ቶሎ ከገቡ ከተማው ውስጥ ያሉት ጣሊያናውያን ይፈጃሉ ብለው ፈርተዋል፤ ወይም እንደዚያ ብለዋል። ደብረ ማርቆስ ላይ ጠብቁ ተባሉ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ጃንሆይ በፍቼ አድርገው፣ እንጦጦ ማርያም ተሳልመው ከተማ ወረዱ። የገቡበት ቀንም አምስተኛው ዓመት ላይ፣ ጠላት በገባበት በዚያው ዕለት ሆነ። ቤተ መንግሥት ደርሰው ሕዝቡን ጣሊያናውያንን እንዳይበቀል ለመኑት። ግሩም ትዕይንት ነው። ለበዓልነት የተመረጠውም ይኸው ትዕይንት ነው፤ መሐሉ ላይ ንጉሡ ቆመዋል። ደርግ ንጉሡን ከመሐል ማውጣት ሲፈልግ ቀኑን አብሮ አወጣ። መጋቢት 28 ላይ ንጉሥ የለም። ያልታሰበበት ነገር ቢኖር፣ መጋቢት 28 ላይ ንጉሥ ሲወጣ የቀረው እንግሊዝ መሆኑ ነው። የፀረ ኢምፔሪያሊስቱ መንግሥት በዓል የእንግሊዝ ጦር ከተማ በገባበት ቀን ይከበር ነበር።

ከሦስቱ የትኛውም ደግሞ የጦርነቱ መጨረሻ አይደለም። ጎንደር ያለው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ነው። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ እልል ስትል ጎንደሬው ገና ሰባት ወር ይቀረዋል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላስ? እዚህ ላይ ነው እኔ ራሴ ብዙ ያላወቅሁት ነገር የነበረው። በጥር 1934 የተፈረመው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ውል ለእንግሊዞች ከአማካሪ እስከ ባቡር ሐዲድ ሰፊ ሥልጣን ሰጠ። ኦጋዴን በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር ቆየ። ውሉ በ1937 ተሻሻለ፤ ኦጋዴን የተመለሰው ከ1940 ጀምሮ ነው፤ ሐውድ የሚባለው አካባቢ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ በ1947። ለጅጅጋው ሰው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ምን ነበር? አንዱ ሄዶ ሌላው የመጣበት ዓመት ነዋ።

በላይ ዘለቀም አለ። አምስቱን ዓመት ጎጃም ውስጥ ለጣሊያን እንቅልፍ የነሳው ሰው በ1937 በገዛ መንግሥቱ ተሰቀለ። እምዬ ስለ ነፃነት በዓል ስንጠይቃት የጣሳውን ክዳን ታሪክ ትነግረን ነበር። ስለ በላይ ስንጠይቃት ግን ወደ እሳቱ ዞራ ዝም ትላለች።

የአሜሪካኖቹ የነፃነት ቀንም ከእኛ አይሻልም። ለነፃነት ድምፅ የሰጡት ጁላይ 2 ቀን 1776 ነው። ጆን አዳምስ ለሚስቱ ለአቢጌይል ሲጽፍ መጪው ትውልድ ጁላይ 2ን በርችትና በሰልፍ ያከብራል ብሏት ነበር። ወረቀቱ የጸደቀው ጁላይ 4፣ አብዛኞቹ የፈረሙት ኦገስት ነው። እንግሊዝ ያመነችላቸው በ1783 ነው። ጥቁሮቹ ደግሞ የራሳቸው እምዬ አላቸው። ሊንከን የባርነት ማብቂያውን ያወጀው በ1863 መጀመሪያ ነው፤ ቴክሳስ ጋልቨስተን ያሉት ግን አዋጁ የደረሳቸው በ1865 ጁን 19 ነው። እነሱም የያዙት ወሬው የደረሰበትን፣ ጆሯቸው የሰማውን ቀን ነው። በመላ አገሪቱ በዓል እስኪሆን 2021 ድረስ ፈጀ። በዚያ ቀን እኛ ሆቴል ድርብ ክፍያ አለ። አስተናጋጇ «ይህ ደግሞ የማን ነው?» ብላ ጠየቀች፤ የመለሰላት የለም።

ባለፈው ሜይ 5 እንደገና አቮካዶ እያደቀቅን ነበር። አለቃችን ሶምብሬሮውን ለሁላችንም አደለ። ባልደረባዬ የሱን ድስት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ። ሜክሲኮ ሲቲ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ነው፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ስሙን አነበብኩት፦ ኢትዮጵያ። ወጣት ሳለ ለሥራ ሲሄድ በየቀኑ በዚያ ያልፍ ነበር። «ለምን ኢትዮጵያ እንደተባለ ጠይቄ አላውቅም ነበር» አለኝ።

እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ የሱን ግልባጭ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው!» ሲል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አደባባዩ ስሙን ያገኘው ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትውጥ አላየንም ካሉት ጋር ሜክሲኮዎች ስላልተባበሩ እንደሆነ ያወቅሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። ፕሬዚዳንታቸው ላሳሮ ካርዴናስ ለጣሊያን እውቅና አልሰጥም ብሎ ነበር። ለምን እንደሆነ ፑዌብላ ያደገ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። የረዳቱን አጠራር ላስመስልለት ሞከርኩ። ድምፄ ኩሽናውን ሞላው። አለቃችን በበሩ አጮልቆ አየን።

«ስለዚህ ዛሬ የሁለታችንም ነው» አለኝ።

«በግምት» አልኩት።

ሺፍቴ ሲያልቅ መኪና ውስጥ ሆኜ አዲስ አበባ ደወልኩ። እዚያ ሌሊት እየነጋ ነው። አባዬ ለጸሎት ተነስቶ ነበር።

«አባዬ፣ እንኳን ለአርበኞች ቀን አደረሰህ» አልኩት።

«የማንን አርበኛ? የትናንቱን ነው?»

«ሚያዝያ 27 ነዋ!»

«እሱ የናንተ ነው» አለኝ። «የኔ ባለፈው ወር አለፈ። አንድ ሰው አልደወለም።»